ሆድን ተቀበልንላት

እኔ ፈሪ ነኝ። የሰማዩ ጉርምርምታ ያስፈራኛል፣ አስፋልቱ ላይ የሚከንፈው መኪና ያስፈራኛል። ልጄ ወረታ ከተማ ቤት ተከራይታ መማር ከጀመረች ወዲህ ደግሞ ስልኬ ሲጠራም እፈራለሁ፣ ሳይጠራም እፈራለሁ። ግንቦት ላይ የፈራሁት ግን ከሁሉም ይብሳል።

አንድ ቅዳሜ መጣችና ሩዝ ስለቅም አጠገቤ ቁጭ አለች። የአማርኛ መምህሯ አንድ ቃል መርጣችሁ፣ ቃሉ በቀጥታም በፍካሬም የሚገባበት ግጥም ጻፉ ብለዋቸዋል። እኔ ከሁለተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ፍካሬ ምንድን ነው ብላት፣ ቃሉ ሰው ቤት ሲያድር ነው አለችኝ። የመረጠችው «ሆድ»ን ነው። ይችማ ምን አላት ብዬ ጀመርኩላት። ሆድ ሲርበው ይጮሃል፣ ይኸ ቀጥታው ነው። አባቷ ሁሉን ቻይ ስለሆነ ሆደ ሰፊ ይሉታል፤ ወገቡን ብታዩት ግን ከቅጥነቱ ቀበቶ አይዝለትም። እኔ በትንሽ በትልቁ እንባዬ የሚቀድመኝ ሆደ ቡቡ ነኝ። ርብ ወንዝ ሞልቶ ጎርፉ ቤታችን የገባ ዓመት፣ እንዴት ከረማችሁ ላለን ሁሉ ሆድ ይፍጀው ብለን አለፍነው። እኔ ሳወራ እሷ ስትስቅ ሩዙ ሳይለቀም መሸ።

ግጥሙ ተወደደላት። መምህሩም በወላጆች ቀን ታነባለች አሉ። የግንቦቱ ፍርሃቴ ይኼኔ ጀመረ። አምና በሰልፍ ላይ እንድታነብ ወጥታ ድምጿ ጠፋባት፤ ልጆቹ ቢስቁባት ቤት ገብታ አልመለስም አለች። በስንት ልመና ነው የመለስናት። አሁንም ቁርጧን ነገረችኝ።

«እማ፣ ዘንድሮም ካፈርኩ ትምህርቱ ይቅርብኝ። መንደራችን ቁሐር ሚካኤል ገብቼ ከአንች ጋር ሩዝ አርማለሁ።»

እኔ ደግሞ በዚያ ጭቃ ያጎነበስኩት እሷ ቀና እንድትል ነበር።

በቀኑ ከመንደራችን ሴቶች ጋር ባጃጅ ላይ ተጠቅጥቀን ሄድን። አዳራሹ ጢም ብሏል። ዳይሬክተሩ ጸጥታ እንድናከብር ለመኑ። ልጄ ማይኩን ይዛ ቆመች፣ እኔ ከኋላ ወንበር ነጠላዬን ጨብጬ ተቀመጥኩ። ጀመረች፦

«የሰው ሆድ በሩዝ እንጀራ ይጠግባል፣
የእናቴ ሆድ ልጅ ካልገባ ይራባል።»

ጎረቤቴ በክርኗ ነካችኝ። ልጄ ቀጠለች፦

«ርብ ቢሞላ ሜዳ ላይ ይፈሳል፣»

ከዚያ ዝም አለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። ፊት ያሉት ልጆች መንሾካሾክ ጀመሩ።

በእኛ ዘንድ ሩዝ ሲታረም አንዷ ግጥም ታወርዳለች፣ ሌሎቻችን እንቀበላለን። አውራጇ ቀጣዩ ቢጠፋባት ማንም ዝም አይላትም፤ እስክታገኘው ድረስ የመጨረሻዋን ስንኝ እየደጋገምን እንይዝላታለን። አውራጅን ዝም ማለት ከማሳ መሀል ጥሎ እንደ መሄድ ነው። እንግዲህ ያን ጊዜ አዳራሽ መሆኑን ረሳሁት። በአረሙ ዜማ፣ በሙሉ ድምፄ ተቀበልኩ፦

«ርብ ቢሞላ ሜዳ ላይ ይፈሳል...»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ግን አፌን ሳልዘጋ ጎረቤቴ ተቀበለች፣ ከእሷ ኋላ ያሉትም ተቀበሉ። ጭብጨባውም መጣ። የኛ ሴቶች አንዴ ከተቀበሉ ማን ይመልሳቸዋል? ልጄ መጀመሪያ ደነገጠች፣ ቀጥሎ ጥርሷ ታየ። እጇን እንደ አውራጅ ከፍ አደረገችና፦

«የእናቴ ሆድ ሞልቶ የት ይደርሳል?»

እልልታው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ግጥሙ እዚያ ላይ ያልቃል፤ እኛ ግን ያንኑ እየተቀበልን አላቆም አልን። አውራጅ ደግሞ ተቀባይ እያለ አይቀመጥም። ልጄ ወደ መምህሯ ዞር ብላ፣ ከየት እንዳመጣችው እንጃ፣ እዚያው ላይ ፈጥራ አወረደች፦

«ሆዱ ሰፊ ነው የእኛ መምህር፣
ገና አልወጣም የፈተናው ምስጢር።»

መምህሩ እንኳን ሆድ፣ ጥላም የሌላቸው ቀጭን ሰው ናቸው። ያንኑ የሌለ ሆዳቸውን ይዘው ሲስቁ አየኋቸው። ዳይሬክተሩ ተራው የሌላ ተማሪ ነው ቢሉ የሚሰማቸው ጠፋ። ልጄ እንደሆነች ማይኩን አልለቅም ብላለች።