የመሥራቿን ስም ፍለጋ ከጋይንት እስከ እስቴ

ዓርብ፣ ከንጋቱ 11፡30፣ ደብረ ታቦር

የምሄደው ስህተቴን ላርም ነው። ይህን በመጀመሪያው መስመር ላይ መጻፍ ደስ አይለኝም፤ በዚህ ዓምድ ለዓመታት የሌላውን ሰው ስህተት ስለቅም የኖርኩ ሴት ነኝ። ባለፈው ወር ግን በአካባቢያችን አዳዲስ የእምነት እንቅስቃሴዎች እንዴት እንደተጀመሩ ስጽፍ፣ በእስቴ መካነ ኢየሱስ ከተማ ያለውን የወንጌል አማኞች ጉባኤ የመሠረቱት ከአዲስ አበባ የመጡ አንድ ወንጌላዊ ናቸው ብዬ አሰፈርኩ። ይህን የነገሩኝ የወንጌላዊው ልጅ አቶ ሰሎሞን ናቸው፤ አሁን የአዲሱ ጸሎት ቤት አሠሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። ደግ ሰው ናቸው፣ አወራራቸውም ያምራል። ሌላ ሰው ሳልጠይቅ ጻፍኩት።

ጋዜጣው በወጣ በሳምንቱ ከስማዳ ስልክ ተደወለልኝ። የደወሉት እማማ አትጠገብ የሚባሉ ባልቴት ናቸው። ጉባኤውን የጀመርኩት እኔ ነኝ፤ ከስድስት ሴቶች ጋር ነው፤ ወንጌላዊው የመጡት በኋላ ነው አሉኝ። ስድስቱ ሴቶች ዛሬ በሕይወት የሉም። እሑድ ከሰዓት የጸሎት ቤቱ የመሠረት ድንጋይ ይቀመጣል፤ ድንጋዩ ላይ የመሥራቹ ስም ይቀረጻል። ኮሚቴው በማስረጃነት የያዘው ደግሞ የእኔኑ ጽሑፍ ነው።

«የእኔስ ስም ቢቀር ግድ የለኝም» አሉ እማማ አትጠገብ። «እኔ ከቀረሁ ግን እነዚያ ስድስቱም እንዳልነበሩ ነው የሚቆጠሩት።»

ምስክር እንዳላቸው ጠየቅኋቸው። «አንድ ሰው አለ፤ ያባረረኝ ቄስ» አሉኝ። ቄሱ ዛሬ ጋይንት ውስጥ፣ ቤተ ልሔም፣ ድጓ ያስተምራሉ።

ይኸው ገና ሳይነጋ መኪና ውስጥ ነኝ። ሾፌሬ አለባቸው የጋይንት ልጅ ነው፤ ከተነሳን ጀምሮ አፉ አላረፈም። የጉና ብርድ በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ ጉልበቴን ይቆረጥመኛል። ንፋስ መውጫ ስንደርስ እሱ ፉል በዳቦ አዘዘ። እኔ የቄስ ልጅ ነኝ፤ ዓርብን እስከ ቀትር እጾማለሁ። ከፊት ለፊቱ ቁጭ ብዬ ሲበላ አየሁት። የቄስ ልጅ መሆን ይከብዳል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሽታው እንጂ ሌላው አይከብድም አልኩት።

ዓርብ፣ 5፡00፣ አርብ ገበያ

የገበያው ቀን ዛሬ ነው። የታች ጋይንት ሰው በሙሉ ወደዚህች ከተማ የወረደ ይመስላል። ገብስ የተጫኑ አህዮች፣ የባቄላና የምስር ክምር፣ ገመድ፣ ቢጫ ጀሪካን፣ የማረሻ ብረት፣ የስልክ ቻርጀር። አዝመራው ገና እየተሰበሰበ ስለሆነ የሁሉም ልብስ ላይ ገለባ አለ። መኪናችን በሰው መሀል ለማለፍ ብዙ ጊዜ ፈጀባት፤ አለባቸው መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ከግማሹ ገበያተኛ ጋር ሰላምታ ተለዋወጠ።

ቀትር ሲያልፍ ሽሮ በላን። የምግብ ቤቷን ባለቤት ስለ ቄሱ ብጠይቃት የማያውቃቸው የለም አለችኝ፤ የኔታ ጥበቡ ይባላሉ፣ ቁጡ ናቸው፣ ውሸት አይወዱም። የመጨረሻውን ስሰማ ጉርሻዬን ወደ ትሪው መለስኩት።

ዓርብ፣ 8፡30፣ ቤተ ልሔም

ከቅጥሩ ውጭ ደቀ መዛሙርቱ ድጓቸውን ይቀጽላሉ፣ ዜማውን እየደጋገሙ ያጠናሉ፤ ድምፃቸው ከመንገዱ ጀምሮ ይሰማል። የኔታ ጥበቡ ድንጋይ መደብ ላይ ጋቢ ተከናንበው ተቀምጠዋል። ቀጭን፣ ረጅም፣ ነጭ ጺም ያላቸው አዛውንት ናቸው። ማንነቴን ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ። ከተማሪዎቹ አንዱ ጽሑፌን በስልኩ አንብቦላቸው ኖሯል።

ስለ እምነታቸው የሚቆጡኝ መስሎኝ ነበር። የተቆጡት በሌላ ነው።

«ምእመናኔን የወሰደው ከሩቅ የመጣ መንገደኛ ነው ብለሽ ጻፍሽብኝ» አሉ። «እሱ አይደለም፤ አላውቀውም። የወሰደችው የገዛ ንስሐ ልጄ ናት። በመሠረተ ትምህርት ዘመን ፊደል ያስቆጠርኳት እኔው ነኝ። ማዘኔ ካልቀረ በእሷ ልዘን እንጂ በማላውቀው ሰው ምን አሳዘነኝ?»

ሳቄ መጣ። ዓይናቸውን ሳይ ግን ዋጥኩት። እኚህ ሰው እውነትም አዝነዋል፤ ይህን ያህል ዘመን ቆይቶም አልለቀቃቸውም።

ከዚያ በኋላ ታሪኩን በዝግታ ነገሩኝ። በእስቴ ገጠር፣ ለመካነ ኢየሱስ ቅርብ በሆነ መንደር፣ ወጣት ቄስ ሆነው ሲያገለግሉ፣ በመንደሩ ሴቶች የሚጠጡት የቅዱስ ሚካኤል ጽዋ ማኅበር ነበር። በየወሩ በዐሥራ ሁለት በተራ እየደገሱ ይሰበሰባሉ፤ የማኅበሩ ጽዋ የቀጣዩ ወር ባለተራ ቤት ያድራል። አትጠገብ ተራዋ ሲደርስ ጸሎቱ ካለቀ፣ ዳቦው ከተቆረሰ በኋላ፣ ወንጌል በአማርኛ ማንበብ ጀመረች። አንብባም አታበቃም፤ ሴቶቹን ምን እንደገባቸው ትጠይቃቸዋለች። መጀመሪያ የኔታ ደስ አላቸው፤ ተማሪያቸው ናት። እየዋለ እያደረ ግን ሴቶቹ ተራዋ ባልሆነበት ወርም እሷ ቤት መሰብሰብ ያዙ፤ ድግሱ ቀረ፤ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት የሚለይ ነገር መናገር ጀመሩ። መከሯት፤ አልሰማችም። በመጨረሻ በሚካኤል ዕለት ሰው ሁሉ እያየ ቤቷ ገብተው ጽዋውን ይዘው ወጡ። ስድስት ሴቶች ከማኅበሩ ተለይተው ከእሷ ጋር ቀሩ።

«በንስሐ የነገረችኝን አንቺም ኮሚቴውም አትሰሙትም» አሉ። «በአደባባይ ያደረግሁትን ግን እናገራለሁ።»

ዘመኑን እንዴት እንደሚያስታውሱት ጠየቅሁ። አላመነቱም፤ ያን ዕለት የቤተ ክርስቲያናቸው ጣሪያ ገና ሣር ነበር፤ ቆርቆሮው የተመታው በማግሥቱ ዓመት ነው። ይህን ስሰማ ብዕሬን አስቀመጥኩ። አቶ ሰሎሞን የነገሩኝ ትዝ አለኝ፤ አባታቸው ወደዚያ አገር የገቡት በፀሐይ የሚያበራውን የዚያኑ ቤተ ክርስቲያን ቆርቆሮ ከኮረብታው ላይ እያዩ ነው። አገላለጹ ስላማረኝ ራሴ ጽፌዋለሁ። እውነቱ ጽሑፌ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ እኔ አላየሁትም። አፈርኩ፤ ግን ከሀፍረቴ ደስታዬ በለጠ።

ቃላቸውን በጽሑፍ እንዲሰጡኝ ለመንኳቸው። እምቢ አሉ፤ በሌላ እምነት ጉዳይ ላይ ፊርማቸውን አያኖሩም። ተስፋ ቆርጬ ልነሳ ስል፣ «አፌ ግን አልታሰረም» አሉ። የደብሩን አስተዳዳሪ አስፈቅደው እስኪመለሱ ጠበቅሁ። ነገ በጠዋት መኪናውን አምጪው አሉኝ።

ቅዳሜ፣ 10፡00፣ ስማዳ

ከአርብ ገበያ እስከ ስማዳ ከተማ ወገዳ ያለው መንገድ የአሽከርካሪን ኃጢአት ያስቆጥራል። ኮረት፣ ቁልቁለት፣ ጠመዝማዛ፤ ከግራ ገደል፣ ከቀኝ ገደል። በየአውድማው በሬዎች ይዞራሉ፤ ገለባው በነፋስ እየተነሳ መንገዱን ያቋርጣል። የኔታ ፊት ወንበር ላይ ሆነው አለባቸውን ቀስ በል እያሉ ሲገሥጹት ዋሉ። ያ ወሬኛ ሰው አንዲት ቃል አልመለሰላቸውም፤ ልቤ ቅቤ ጠጣ።

እማማ አትጠገብ የሚኖሩት ጤና ጣቢያ ከምትሠራው ልጃቸው ጋር ነው። የኔታ ከበሩ አላለፉም። እማማ አትጠገብ ከዘራቸውን ይዘው ወጡና ፊት ለፊት ቆሙ። የኔታ እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ወደ መስቀላቸው ሰደዱ፤ ከዚያ አስታወሱና መለሱት። እማማ አትጠገብ አልተሳለሙም፤ አንገታቸውን ግን እስከ ደረታቸው ዝቅ አደረጉ።

«አረጀሽ» አሉ የኔታ።

«እርስዎም፣ የኔታ።»

ከዚህ ሌላ ያን ዕለት አልተነጋገሩም። የኔታ ለማደር ወደ አንድ ካህን ቤት ሄዱ።

እሑድ፣ 3፡30፣ ወደ እስቴ

የኔታ እዚያው ወገዳ አስቀድሰው፣ ቁርሳቸውን ቀምሰው ተነሳን። እሳቸው ከፊት፣ እማማ አትጠገብና እኔ ከኋላ። ረጅም መንገድ ሄድን። ከዚያ የኔታ ፊታቸውን ሳያዞሩ ስለ አንዲት ሴት ጠየቁ፤ ጥሩነሽ እንዴት ሆነች? አርፋለች አሉ እማማ አትጠገብ። ነፍስ ይማር አሉ የኔታ። ይመኙሻልስ? ዘርፌስ? ውድነሽስ? አበበች? ሙሉ? ስድስቱንም በስማቸው እየጠሩ ጠየቁ፤ የማን ልጅ፣ የማን ሚስት እንደነበረች ሳይቀር። ለእያንዳንዷ ነፍስ ይማር አሉ። እነዚህን ሴቶች የጉባኤው ሰው ሲረሳቸው ያወገዟቸው ቄስ አልረሷቸውም። ስሞቹን ማስታወሻዬ ላይ ስጽፍ ዓይኔ እንባ ሞልቶ ፊደሉ ጠፋኝ፤ መንገዱ ነው ብዬ አመካኘሁ።

እሑድ፣ 8፡00፣ መካነ ኢየሱስ

የጸሎት ቤቱ ግቢ በሰው ሞልቷል። መዘምራን፣ ድንኳን፣ የፕላስቲክ ወንበር። የተጠረበው ድንጋይ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጧል፤ የወንጌላዊው ስም በከሰል ተጽፎበታል፤ ድንጋይ ጠራቢው መሮውን ይዞ ትእዛዝ ይጠብቃል። ደርሰናል።

የኔታ ከአጥሩ አልገቡም። መንገዱ ዳር ቆመው አቶ ሰሎሞንን አስጠሩ። አቶ ሰሎሞን ወጡ፤ እኔን ሲያዩ ፈገግ አሉ፤ የመጣሁበትን ስነግራቸው ፈገግታው ጠፋ። የተፈረመ ወረቀት እንዳለን ጠየቁ። የለም አልኩ። እንግዲያው ኮሚቴው በወሬ አይወስንም አሉ። ሕዝቡም ወደ አጥሩ ተጠጋ።

የኔታ ጥበቡ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዕድሜ ልኩን ድጓ ያዜመ ድምፅ ማጉያ አያስፈልገውም። ሣሩን፣ ሚካኤልን፣ ጽዋውን፣ ሰባቱን ሴቶች አንድ በአንድ ተናገሩ። «መንገዳቸውን አልወደድኩትም፤ ዛሬም አልወደውም» አሉ። «ያየሁትን አላየሁም ብል ግን በማን ፊት ልቆም ነው? የጀመረችው ይህች ናት።»

እኔም ጋዜጣዬን አውጥቼ የቆርቆሮውን መስመር ጮክ ብዬ አነበብኩ፤ ወንጌላዊው ሲገቡ ቆርቆሮው ያበራ ነበር፤ ሴቶቹ የተለዩት ግን በሣሩ ዘመን ነው። የጻፍኩት ስህተት ነው ብዬ በሕዝብ ፊት ተናገርኩ። እንዲህ ቀሎኝ አያውቅም።

 አቶ ሰሎሞን አንገታቸውን ደፍተው፣ «አባቴ ስመጣ የሚጸልዩ ሴቶች አገኘሁ ይል ነበር» አሉ። «የሴቶቹን ነገር እየዘለልኩ ሳወራ የኖርኩ እኔ ነኝ።» ወደ ድንጋዩ ሄደው የአባታቸውን ስም በኮታቸው እጅጌ ጠረጉት። በዚያች ሰዓት አከበርኳቸው፤ ከእኔ ይልቅ ለእሳቸው ይከብዳል።

ጠራቢው ሥራውን ጀመረ። እማማ አትጠገብ መጀመሪያ የስድስቱ ይጻፍ፣ የእኔ ከታች ይሁን አሉ። መሮው ሲመታ፣ መዘምራኑ ሲዘምሩ፣ ፀሐዩ እያዘነበለ መጣ። ለየኔታ ወንበር ወጣላቸው፤ መንገዱ ዳር ተቀምጠው ጠበቁ። አለባቸው እንሂድ ወይ ቢላቸው አልሰሙትም።

ሰባተኛው ስም እንዳለቀ አራት ጎልማሶች ድንጋዩን አንስተው ፊቱን ወደ ግቢው አድርገው ሊያስቀምጡት ጎንበስ አሉ። እማማ አትጠገብ በከዘራቸው አስቆሟቸው።

«ወደ መንገዱ አዙሩት» አሉ። «የኔታ አይገቡም። ከዚያው ሆነው ያንብቡት።»

ጎልማሶቹ ተያዩ፤ ከዚያ አዞሩት። የኔታ ከወንበራቸው ተነሡ። አጥሩን በሁለት እጃቸው ያዙና ጥሩነሽ ብለው ጀመሩ፤ ስድስቱን ስም በድጓ ድምፃቸው እየጠሩ አወረዱ። ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ ቀና አሉ። «አትጠገብ» አሉ፣ ጮክ ብለው፤ ግቢው በእልልታ ተናወጠ።