ኦፓል ያጠበችው የጀልባ ምንጣፍ

እኛ ሐይቅ ዳር ወንዶቹ ባስ የሚባለውን ዓሣ የሚያጠምዱት ቆመው ነው። እግራቸው እንዳይንሸራተት፣ ኮቴያቸውም ዓሣውን እንዳያባርርባቸው የጀልባው ወለል ከዳር እስከ ዳር ምንጣፍ ይለብሳል። ምንጣፉ ሁለት በጋ ሳይሞላው የዓሣ ደም፣ የትምባሆ ምራቅ፣ የቢራና የጭቃ ማደሪያ ይሆናል። ያኔ በእኛ የአላባማ ጥግ ያለ ሰው ሁሉ ጀልባውን በፒክአፑ እየጎተተ ወደ ኦፓል ይሄድ ነበር።

ኦፓል ክንደ ወፍራም፣ ድምፀ ወፍራም ሴት ነበረች። ከቤቷ ጀርባ ባለው የቆርቆሮ ዳስ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ተንበርክካ ስለምትውል ጉልበቷ እንደ ተረከዝ ጠጥሮ ነበር። መጀመሪያ ምንጣፉ ውስጥ የተሰገሰጉትን መንጠቆዎች በፒንሳ ትለቅማለች። የዓሣ ደም በሙቅ ውሃ ከነኩት ለዘላለም ይቀራል፤ እሷ በቀዝቃዛ ታወጣዋለች። ሻጋታውን በአቼቶ ትገድለዋለች። በመጨረሻ የተኛውን የምንጣፍ ፀጉር በእንፋሎትና በጠንካራ ብሩሽ ታስነሳዋለች። ከሁሉ በላይ የምትፈራው ውሃ ማብዛትን ነበር። ከምንጣፉ ሥር ያለው ኮምፔንሳቶ ነው፤ አንዴ ውሃ ከጠጣ ከላይ የደረቀ ይመስላል እንጂ ከሥር ይበሰብሳል። ስለዚህ ጠርዙን ገልጣ ቬንትሌተር ታስገባበታለች፤ እንጨቱን በእጇ ዳብሳ ሳታረጋግጥ ማስቲሽ አትቀባም።

ባሏ ዶይል ትቷት የሄደው ልጃቸው ሮንዳ ትምህርት በጨረሰችበት ዓመት ነው። የወሰደችው ዳርላ የምትባል ፀጉር ሠሪ ናት። ሲፋቱ ቤቱ ለኦፓል፣ ጀልባው ለዶይል ደረሰ። ጀልባውን የገዙት አብረው ነበር።

አንድ የመከር ቀን ዶይል ያንኑ ጀልባ ጎትቶ ኦፓል ዳስ በር ላይ አቆመው። ዳርላ ፒክአፑ ውስጥ ተቀምጣለች። የራሳቸውን ጀልባ ሊወስዱ የመጡ ሦስት አራት ወንዶችም ቆመው ነበር።

«እንደምን ከረምሽ ኦፓል!»

«እስካሁን ደህና ነበርኩ።»

«ምንጣፉ አለቀለት። ካንቺ በቀር የሚያስነሳው የለም።»

«አዲስ ሚስት ያገባ ሰው አዲስ ምንጣፍ አያነጥፍም?»

«ኧረ ምንጣፉ ገና ያገለግላል» አለ ዶይል ወደ ወንዶቹ ዞሮ። «አርጅቶ የማያገለግለውንማ ጥዬው ሄጃለሁ።»

ወንዶቹ ፈነዱ። አንደኛው ሆዱን ይዞ የፒክአፕ በር ተደገፈ። ዳርላ አንገቷን በመስኮት አውጥታ፣ «ዶይል! ፊት ለፊት ያለውን ቀዩን ንገራት፤ የጥፍር ቀለሜ ነው፣ ተደፍቶብኝ!» አለች።

ኦፓል ቀና ብላ አየቻት። «አየሁት የኔ እመቤት። ይወጣል።»

ሲሄዱ ጀልባው ውስጥ ገብታ ተንበረከከች። የጥፍር ቀለሙን አወጣች። ከመቀመጫው ሥር የሌላ ሴት የፀጉር መርፌ ለቀመች። እሷና ዶይል ሮንዳን በልጅነቷ መሀል አስተኝተው ያደሩበት ቦታ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ተነሥታ የአትክልት ማጠጫውን ጎማ ሳበች፣ ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈተች፣ ውሃውን ከምንጣፉ ሥር ለቀቀችው። እንጨቱ ጠጥቶ እስኪጠግብ ጠበቀች። ከዚያ ላይ ላዩን በማሽን መጠጠች፣ በቬንትሌተር አደረቀች፣ ጠርዙን ዙሪያውን በማስቲሽ ድፍን አድርጋ ዘጋችው። በመጨረሻም በሕይወቷ ሠርታው የማታውቀውን ቆንጆ ሥራ ሠራች። ፀጉሩ አንድ በአንድ ቆመ፤ ቀለሙ ከፋብሪካ እንደወጣ ሆነ።

ዶይል ጀልባውን ሲረከብ ምንጣፉን እንደ ድመት ጀርባ ደባበሰው። «እጅሽ ይባረክ» አላት፤ የምሩን ነበር። እሷ በሆዷ፣ አንድ ቀን ከነውሽማህ ሐይቅ መሀል ይክዳህ፣ አለች።

ጀልባው ግን ሐይቅ መሀል አልከዳውም። ሦስተኛው ዓመት ላይ ሮንዳ ክሊንት የሚባል ወጣት አናጢ አገባች። ክሊንት ዝምተኛ፣ ሲያፍር ጆሮው የሚቀላ ልጅ ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ ሲወጡ ሰው ሁሉ ግቢው ውስጥ ረጅሙን ጠረጴዛ ከቦ የተጠበሰ አምባዛ እየበላ ሳለ፣ ዶይል ጀልባውን ነጭ ሪባን አስሮበት እየጎተተ ገባ።

«ለልጄ!» ብሎ ጮኸ። «ለልጄና ለዚህ ሽቦ ለሚያክል ባሏ!»

ሰው አጨበጨበ። ሮንዳ በሙሽራ ቀሚሷ ዘልላ ገባችና ጫማዋን አውልቃ ምንጣፉ ላይ ቆመች። «እማዬ! ያንቺ ሥራ ነው አይደል? ነይ ውጪ!»

ኦፓል ወጣች። ሁሉም እያያት በመቀመጫው አጠገብ ተረከዟን ጫን አደረገች። ወለሉ እንደ ሊጥ እሺ አላት። ቀና ስትል ዶይል የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ አፍጥጦ እያያት ነበር። ፈገግ አለ።

መናገር ይቻል ነበር። «ልጄ ውረጂ፣ እንጨቱ በስብሷል» ማለት ብቻ ነው። ግን ማን አበሰበሰው ቢሏትስ? ዳርላ ቆማለች፤ ያን ቀን የሳቁባት ወንዶችም ጉንጫቸውን ሞልተው ቆመዋል። «ያምራል» አለች ኦፓል። «ይመችሽ የኔ ሆድ።» ከዚያም ወረደች።

ከሰርጉ አንድ ወር በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ክሊንት እየነዳ፣ ሮንዳ አጠገቡ ተቀምጣ ሐይቁን ሲያቋርጡ የሌላ ጀልባ ማዕበል ገጫቸው። ጀልባው ዘለለ፤ ሲያርፍ የሮንዳ መቀመጫ ብሎኖቹ ከበሰበሰው እንጨት ተነቅለው ከነልጅቷ ውሃው ላይ ተወረወረ። ክሊንት ሞተሩን ለማጥፋት እጁን ሲሰድ ዘገየ። የሚሽከረከረው የሞተሩ ስለት አገኛት። ሐኪሞቹ ግራ እግሯን ከጉልበቷ በታች ቆረጡት።

ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ኦፓልና ዶይል ጎን ለጎን ተቀመጡ። ክሊንት የልጅቷ ደም የደረቀበትን ሸሚዝ እንደለበሰ ወዲያ ማዶ ግድግዳ ተደግፎ ያለቅሳል።

«በስብሶ ነበር ይላል ልጁ» አለች ኦፓል በቀስታ።

«አውቃለሁ።»

«ምን ታውቃለህ?»

«ሰርጉ ሊደርስ ሲል ልሸጠው ወስጄው ነበር። ነጋዴው በእግሩ ጫን አደረገና ‹ውሰድልኝ› አለኝ። ቤት ገብቼ ጠርዙን ገለጥኩት።» ድምፁ ሹክሹክታ ሆነ። «አንቺ ማስቲሽ ቀብተሽ እርጥብ አይቀርብሽም ኦፓል። ከሃያ ዓመት በላይ አውቅሻለሁ። አውቀሽ ነው።»

ኦፓል ወደ እሱ ዞረች። «አውቀህ ነው ለልጅህ የሰጠሃት?»

«ትናገሪያለሽ ብዬ ነበራ! በሰው ፊት፣ በራስሽ አፍ። ረግጠሽው አየሁሽ። አሁን ትናገራለች፣ አሁን ትናገራለች ብዬ ጠበቅኩ። ‹ያምራል› ብለሽ ወረድሽ።»

«ከዚያ በኋላስ? ወሩን ሙሉ አፍህን ማን ያዘው?»

«አንቺንስ?»

ነርሷ በሩን ከፍታ ሮንዳ እንደነቃች ነገረቻቸው። ሁለቱም እኩል ተነሡ። ክሊንትም ሊከተላቸው እንባውን እየጠረገ ተጠጋ፤ ያኔ ዶይል ደረቱን በመዳፉ ገፋው።

«አንተ ወዴት? ወንድ ልጅ ሚስቱን የሚያሳፍርበትን ጀልባ ወለል አይረግጥም? አናጢ ነኝ ትላለህ! ቀኑን ሙሉ እንጨት ስትዳብስ አይደለም የምትውለው?»

«አባባ… ምንጣፉ ደህና ስለሚመስል እኮ…»

«አባባ አትበለኝ!»

ክሊንት ወደ ኦፓል ዞረ። ደግ እንደሆነች ያውቃል፤ ቤቷ በልቶ ጠጥቷል። ኦፓል አይኑን ሸሽታ፣ «ቀስ ብለህ መንዳት ነበረብህ ልጄ» አለችው። በሩን ዘጋችበት።

ወሬው በዚያው ጸና። በፀጉር አስተካካዩ ቤት፣ የማጥመጃ ትል በሚሸጥበት ሱቅ፣ በቤተ ክርስቲያኑም ሳይቀር፣ ክሊንት እንደ እብድ ነድቶ ልጅቷን አካል ጉዳተኛ አደረጋት ተባለ። እሱ ራሱም አመነው። ሮንዳ መጀመሪያ ትሟገትለት ነበር፤ እናትና አባቷ ከግራና ከቀኝ ሆነው ዓመት ሲነግሯት ግን ተወችው። ክሊንት መሣሪያዎቹን ጭኖ ወደ ቴክሳስ ሄደ።

ዳርላ ብዙ አልቆየችም። ዶይል ሁልጊዜ ኦፓል ቤት ነዋ የሚውለው። እንዳትናገር ዘብ ሆኖ የሚጠብቃት ይመስል ነበር፤ እሷም ከአይኗ ብታጣው ትጨነቃለች። ፓስተሩ አንድ እሑድ መድረክ ላይ ሆነው፣ እግዚአብሔር ከመከራ ውስጥ ቤተሰብ እንዴት እንደሚመልስ ሁለቱን በስም ጠርተው መሰከሩ። ሰው አሜን አለ። ጎን ለጎን ተቀምጠው እነሱም አሉ።

አሁን ሮንዳ ሠላሳን አልፋለች። ከእናቷ ጋር ዳሱ ውስጥ ትሠራለች፤ በሰው ሠራሽ እግሯ መንበርከክ ስለማትችል በርጩማ ላይ ተቀምጣ መንጠቆ ትለቅማለች። ባለፈው ፋሲካ ምሳ ላይ ሦስቱ ብቻ ነበሩ።

«ክሊንት ደውሎ ነበር» አለች ሳታስበው።

ዶይል ሹካውን አስቀመጠ። «ምን ፈልጎ?»

«ምንም። ይቅርታ ሊጠይቅ ነው፤ በየዓመቱ ይደውላል። እያለቀሰ ነበር። ዘንድሮ እኔም ይቅር ልበለው ወይ ብዬ…»

ወላጆቿ ተያዩ።

«ያንቺ ጉዳይ ነው» አለ ዶይል። «እኔን ከጠየቅሽኝ ስልኩን ዝጊበት።»

ሮንዳ ወደ እናቷ ዞረች። «አንቺስ እማዬ?»

ኦፓል የአምባዛውን ሳህን አንሥታ ወደ ልጇ አስጠጋች። «አባትሽ ልክ ነው» አለቻት። «ብዪ፣ ሳይቀዘቅዝብሽ።»