መርዊን በጠራራ ፀሐይ ሲበይድ

አምባው አናት ላይ ባለችው መንደራችን በሹንጎፓቪ የመርዊን ነገር ሁሉ ይታማል። መኪናው ያለ ገፊ አይነሳም፤ ሲዘፍን ውሾች መንደር ለቀው ይሄዳሉ። እጁን ግን የሚያማ የለም። ሠላሳ ዓመት ብር ሲቆርጥና ሲበይድ ኖሯል፤ የሚበይደው ግን መስኮቱን በብርድ ልብስ በጋረደው ክፍል ውስጥ ብቻ ነው። ብር ሲግል የሚያሳየው ደብዛዛ ቅላት በብርሃን አይታይም፤ ከዚያ ቅላት ትንሽ ካለፈ ደግሞ ይቀልጣል።

በገበያ ቀን ሥራውን ለእንግዶች እንዲያሳይ ሲጠየቅ ጥቁር ድንኳን የተከለው ለዚሁ ነበር። ነፋሱ ስድስት ሰዓት ላይ ነቅሎ ወሰደው። ሩቁ ዊንስሎ ከተማ ደርሷል የሚሉም አሉ። ሜዳው ላይ መርዊን፣ ጠረጴዛው፣ ስልሳ እንግዶችና ፀሐይ ቀሩ።

"ግድ የለም፣ በመለማመጃ ቁራጭ አሳያችኋለሁ" አለ።

ሙያውን ያስተማሩት የእናቱ ወንድም ሌንደን ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ከኪሳቸው መሐረብ አውጥተው ፈቱት። ውስጡ ደመናና የዝናብ ዘለላ በመጋዝ ተቆርጦ የወጣበት፣ ለአምባር የሚሆን ቀጭን የብር ገጽ አለ። ከክረምት ወዲህ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ከሾርባቸው ግማሹን የሚጠጣው ሸሚዛቸው ነው። ይህ የቆረጡት የመጨረሻው ነው፤ ሁለተኛ የለውም።

"ይሄን በይደው።"

"እዚህ? አጎቴ፣ ፀሐዩን አያዩትም እንዴ?"

"ሰው ከሩቅ የመጣው ቁራጭ ሊያይ ነው?"

"ቢቀልጥስ?"

"አታቅልጠዋ!"

እኛ ዘንድ የእናትን ወንድም እምቢ ማለት አምባውን ገፍቶ እንደ ማዛወር ነው፤ ያሰበው ሞልቷል፣ ያደረገው የለም። መርዊን ገጹን ምንም ባልተቆረጠበት ሌላ ዝርግ ብር ላይ ደረበ፤ በመካከላቸው ቀልጦ የሚያጣብቃቸውን የመበየጃ ብናኝ ነስንሶ የጋዝ ነበልባሉን አስጠጋ። ነፋሱ ነበልባሉን አጎነበሰው። ብሩ ነጭ ነው፤ ይሙቅ ይቀዝቅዝ አይታወቅም። እጁን መለሰ።

የአባቱ እህቶች ኦርፋና ቬርላ ከጠዋት ጀምሮ "ባላችን" እያሉ ሲለክፉት ነበር። የወንድሟን ልጅ በአደባባይ የማትለክፍ አክስት እኛ ዘንድ ታማለች ተብላ ትጠየቃለች።

"ባላችን! ላብህ ነው ወይስ ዝናብ መጣ?" አለች ቬርላ።

"ያቺ ሚስቱ አትመግበውማ!" አለች ኦርፋ። "እኔን ቢያገባ ኖሮ..."

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ መርዊን አልሳቀም። ኦርፋ ፊቱን አየችና ሳቋን ዋጠችው።

"ምን ሆነሃል?"

"ቅላቱ አይታየኝም፣ አክስቴ።"

"ቬርላ፣ ተነሺ!"

ሁለቱ ሴቶች በስፋት ከድንኳኑ አያንሱም። ጀርባቸውን ለሕዝቡ ሰጥተው ሰፋፊ የሱፍ ሻርፖቻቸውን በመርዊን ላይ ዘረጉ። ከሥር ጨለመ፤ ነፋሱም ቆመ።

"ይቅርታ" አለች አንዲት እንግዳ፣ "አራት ሰዓት ነድቼ የመጣሁት ጀርባ ለማየት ነው?"

"ጥሩ ጀርባ ነው፣ እመቤት" አለች ቬርላ ሳትዞር።

ከውስጥ ቅላቱ ብቅ አለ። መበየጃው ቀልጦ በሦስቱ ጠርዞች እንደ ክር አብረቀረቀ። በአራተኛው፣ በዝናቡ በኩል፣ ምንም የለም። የደመናው ጫፍ ግን ከመጠን በላይ እየቀላ ነው። ቢያቆም ብየዳው ይበላሻል፤ ቢቀጥል ደመናው ይፈሳል። በዚህ መሐል የሱፍ መቃጠል ሸተተ።

"ኦርፋ፣ ሻርፕሽ እየነደደ ነው!"

"አፍንጫ አለኝ። ዝም በይ።"

"አክስቴ፣ ይልቀቁት" አለ መርዊን፤ ብርሃን ከገባ ግን አለቀለት።

"ማን ጠየቀህ? ሥራህን ሥራ!"

ነበልባሉን ከደመናው አሽሽቶ በዝናቡ ሥር አዞረው። ትንፋሹን ያዘ። ጢሱ ዓይኑን አቃጠለው፤ አልጨፈነም። ያቺ ክር በአራተኛው ጠርዝ ሮጠች።

"በቃ!" አለ መርዊን።

ኦርፋ ሻርፗን መሬት ጥላ ትረግጠው ጀመር። ምንም ያላየው ሕዝብ በጭብጨባ አምባውን አናወጠው። ርግጫው የዝግጅቱ አካል መስሏቸው ፎቶ ያነሱም ነበሩ።

ብሩ ውሃ ገብቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ሌንደን ተቀበሉት። የሚንቀጠቀጥ ጥፍራቸውን በእያንዳንዱ ደመና ዙሪያ አስኬዱ። አራተኛው ጠርዝ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ተመልሰው ደገሙት።

"መበየጃው በዝቷል" አሉ በመጨረሻ።

"እርስዎ ደግሞ!" ጮኸች ቬርላ። "ኦርፋ ተቃጥላለች እኮ!"

ሽማግሌው አልሰሟትም። ብሩን በመርዊን መዳፍ ላይ አድርገው ጣቶቹን በሁለት እጃቸው ገጠሙለት።

"ነገ ደመናው ጎልቶ እንዲታይ ጥቁሩን ቀባው" አሉት። "ከዚያ አምባሩን በእኔ እጅ ልክ እጠፈው።"