በዝናቡ ወራት ድንጋይ ተሸክሜ ጋምቢያ ገባሁ

ሰኞ፣ ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት፣ ሚድ ሲቲ

የመጀመሪያው የፒኮ ጎዳና አውቶቡስ መብራቱን አብርቶ ሲያልፍ እኔ ደጅ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጫለሁ። ልጄ ትርሲት ፒጃማዋን እንደለበሰች፣ ፀጉሯን ሳታበጥር፣ ከላዬ ቆማ ትነዘንዘኛለች።

«እማዬ፣ ሎው ሲዝን እኮ ነው! በዚህ ወር ማንም አይሄድም። ዝናብ ነው፣ ትንኝ ነው፣ ሆቴሉ ሁሉ ዝግ ነው። ኖቬምበር ላይ እኔው ራሴ ቡክ አደርግልሻለሁ።»

«ቱሪስት ነኝ እንዴ እኔ?»

ባሏ ሞዱ አስነሥቶኝ ሻንጣዬን መኪና ላይ እየጫነ ለብቻው ይስቃል። ሞዱ የጋምቢያ ልጅ ነው፤ ሎንግ ቢች መጋዘን ውስጥ ይሠራል። እኔን «ማማ» ነው የሚለኝ፤ ክፉ ቃል ወጥቶት አያውቅም። ክፉ ቃል ቢወጣው ኖሮ ሳይሻለኝ አይቀርም ነበር።

ለምን እንደምሄድ ልንገራችሁ። የልጅ ልጄ ሰላም የተወለደች ለት ትርሲት ኦፕራሲዮን ክፍል ነበረች፤ ሞዱ ፍሪዌይ ላይ ትራፊክ ይዞታል። አንዲት ሴት ቅጽ ይዛ መጣች። እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ እሱም የኛን ፊደል ነው። ሴትየዋ በስልክ አስተርጓሚ አገናኘችኝ። «የሕፃኗ ስም?» አለኝ አስተርጓሚው። «ሰላም።» «የአባት ስም?» «ሞዱ!» አልኩ ኮራ ብዬ። ወላጆቿም ድካም ላይ ነበሩና ሳያዩ ፈረሙበት።

እኛ ዘንድ የአባት ስም ማለት የአባት ስም ነው። የፈረንጆቹ ወረቀት የጠየቀው ግን ላስት ኔም የሚሉትን፣ ዘር በሙሉ የሚጠራበትን ኖሯል። የሞዱ ዘሮች ንጃይ ናቸው፤ አባቱም፣ አያቱም፣ አጎቶቹም ንጃይ። ሕፃኗ ብቻ «ሰላም ሞዱ» ሆና ቀረች።

የሞዱ እናት ያይ ፋቱ ትባላለች፤ «ያይ» እናት ማለት ነው። ነገሩን ስትሰማ «ስማችንን ጣሉት፤ ክርስቲያኖቹ አፈሩብን» አለች። ሞዱ የወረቀት ስህተት ነው ቢላት «በስም ማን ይሳሳታል?» ብላ መለሰችለት። ከዚያ ወዲህ ይኸው ሦስት ዓመት፣ የልጇን ደህንነት በስልክ ትጠይቃለች እንጂ ሕፃኗን አሳየኝ ብላው አታውቅም። ቤት ውስጥ ሁሉም ጥፋቱ የሆስፒታሉ ነው ይላል። እኔም ዝም አልኩ። ባለፈው ወር ግን ዝምታው ከበደኝና ተናገርኩ። ሞዱ መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ተወውና «ማማ፣ ይሄ በስልክ የሚነገር አይደለም» አለኝ።

ትርሲት ስሙን ለማስለወጥ ፔፐር አስገብታለች። ይሁን። ያይ ፋቱን ያመማት ግን ወረቀት አይደለም።

«ኦኬ፣ ባትቀበልሽስ?» አለችኝ ትርሲት ኤርፖርት ስትሰናበተኝ።

«ተመልሼ እመጣለኋ። እግሬ እንደሆነ ማረፍ አያውቅም።»

ረቡዕ፣ ረፋድ፣ የባሕሩ ዳር

ሁለት አውሮፕላን ለውጬ ባንጁል ደረስኩ። ሰማዩ የተጨመቀ ጨርቅ መስሏል። የሞዱ የአክስት ልጅ ኢብራ «ዘነበች» ብሎ ስሜን በካርቶን ጽፎ ይጠብቀኛል። አርባ ዓመት ይሆነዋል፤ ታክሲ ነጂ ነው፤ እንግሊዝኛው እንደኔው የተሰባበረ ስለሆነ በደንብ ተግባባን።

«ዘነበች ማለት ምን ማለት ነው?» አለኝ።

«ዝናብ ጣለች ማለት ነው።»

መሪውን በመዳፉ መታ። «እንግዲያማ በራስዎ ወር ነው የመጡት!»

ሆቴሉ ውስጥ ያለሁት እንግዳ እኔ ብቻ ነኝ። በወንበሮቹ ሁሉ ላይ ድመት ተኝቷል። የዋናው ገንዳ ውስጥ እንቁራሪት ይዘፍናል። ወጥ ቤቷ ወጥታ እጇን እያደረቀች ምን እንደምበላ ጠየቀችኝ። ፍልሰታን ስለምጾም «ሥጋ የለ፣ ወተት የለ፣ እንቁላል የለ» አልኳት። እሷም «ምን አደረግሽ? ማን ቀጣሽ?» ብላ አዘነችልኝ፤ ከዚያ ሩዝ በለውዝ ወጥ ሠርታ አመጣች። ወጡ ወፍራም፣ ቀይ፣ ትኩስ በርበሬው ምላስ ላይ የሚቆይ ነው። እኔ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ሃያ ዓመት ሬስቶራንት ውስጥ ሽንኩርት ልጬ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ወጥ አውቃለሁ። ሳህኑን በጣቴ ጠረግሁት።

ያስደነቀኝ ግን ሰላምታቸው ነው። ዘበኛው ያልፋል፣ «ሰላም አለይኩም»። ዓሣ ሻጯ ትመልሳለች፣ «ማሌኩም ሰላም»። እናንተዬ፣ አገሩ በሙሉ ቀኑን ሙሉ የልጅ ልጄን ስም ይጠራል! አንዲት አያቷ ብቻ ናት የማትጠራው።

ሰላም ከተባባሉ በኋላ ደግሞ የዘር ስም ይጠያየቃሉ። «ሰንት» ይሉታል። ሰንትህ ማነው? ጆብ። ጆብ! ጆብ! እያሉ እጅ ለእጅ ይጨባበጣሉ፤ ያኛውም የዚህኛውን ስም እየደጋገመ ይመልስለታል። ስሙ ሲጠራ አያቶቹ አብረው ተጠሩ ማለት ነው። ይህን ያስረዳኝ ኢብራ ነው። እኔ ከሕፃኗ ላይ የወሰድኩት ወረቀት ላይ ያለ ቃል መስሎኝ ነበር፤ ለካ መንገድ ላይ የምትመልሰውን ነው ያሳጣኋት።

«በሲዝኑ ቢመጡ ይህን ሁሉ የሚነግርዎት አያገኙም» አለኝ ኢብራ። «ሁሉም ይሮጣል። አሁን ጊዜ አለን።»

ሐሙስ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ፌሪው ላይ

የያይ ፋቱ መንደር ከወንዙ ማዶ ነው። ፌሪው መኪና፣ ፍየል፣ የዶሮ ቅርጫት፣ ሳፋ የተሸከሙ ሴቶች አንድ ላይ አጭቆ ተነሣ። ወንዙ ከባሕሩ የሚገናኝበት ቦታ ላይ ውኃው ለሁለት ተከፍሏል፤ ወዲህ ቡና ዓይነት፣ ወዲያ አረንጓዴ፣ መሐሉ በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል። ዝናቡ ከማዶ እንደ መጋረጃ እየተጎተተ መጣብን። ሁለት ዶልፊኖች ጀርባቸውን አሳይተው ገቡ። አንድም ሰው ዞር ብሎ አላየም። እኔ «እግዚኦ!» ብዬ ጮህኩ፤ አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ደንግጣ ዶሮዋን አቀፈች።

ማዶ ስንወርድ ለኢብራ «ድንጋይ ፈልግልኝ» አልኩት።

«የምን ድንጋይ?»

«ትከሻ ላይ የሚሆን። ከበድ ያለ።»

መኪናውን አቆመ። «ማማ፣ አክስቴን ሊፈነክቷት ነው?»

እኛ አገር ሰው የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ የተበደለው ደጅ ይቆማል፤ ተበዳዩ «አውርድ» ካለው ምሕረት ነው፤ ዝም ካለው እንደተሸከመ ይመለሳል። ይህን ሳስረዳው ራሱን እከክ እከክ አደረገ። «እኛ ዘንድ ኮላ ነው የሚወሰደው» አለና ከገበያ አንድ እፍኝ የሚታኘክ መራራ የኮላ ፍሬ በቅጠል አስጠቅልሎ አመጣ። «ኮላው እዚህ አለ። ድንጋዩ ግን… አገራችን አሸዋ ነው።»

እውነቱን ነው። ግማሽ ሰዓት ሙሉ መንገድ ዳር ብንፈልግ ዛጎልና አሸዋ ብቻ። ስንደክም፣ መንገድ የሚሠሩ ሰዎች ቀይ ድንጋይ ከምረው አየን። አንዱን መረጥሁ። ሠራተኞቹ «ይቺ አሮጊት ቤት ልትሠራ ነው?» እያሉ ተሳሳቁብን።

ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ጭቃው

መንገዱ ዳር ባኦባብ የሚሉት ዛፍ ቆሟል፤ ግንዱ አስር ሰው አያቅፈውም። ኢብራ «ቱሪስቶቹ ሲመጡ ራቁቱን ነው የሚያዩት፤ በበጋ ቅጠል የለውም» አለኝ። ለእኔ ለብሶ ነው የጠበቀኝ። ከሥሩ የለውዝ ማሳ፣ ከማሳው ወዲያ ሩዝ፤ አረንጓዴው ዓይን ይወጋል።

ከዚያ መኪናችን ሰጠመ። ስድስት ሴቶች መኮትኮቻቸውን ጥለው ከማሳው መጡና ገፉን፤ እየገፉም ሰንቴን ይጠይቁኛል። ስሜን ብቻ እነግራቸዋለሁ። ዝናቡ ወረደ፤ መኪናው ግን አልወጣም። የቀረውን መንገድ ነጠላዬን አደግድጌ፣ ድንጋዩን ትከሻዬ ላይ አድርጌ በእግሬ ሄድኩ። ኢብራ ኮላውን ሸሚዙ ውስጥ ሸሽጎ ከኋላዬ «ማማ፣ ቢያንስ እስከ በሩ ልያዝልዎት!» ይላል። «ያንተ ጥፋት ነው እንዴ?» አልኩት።

ያይ ፋቱ በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ ያለፈ ዓመት ለውዝ ትፈለፍላለች። ቀጭን፣ ረጅም፣ ዓይኗ እንደ ሞዱ። ስታየኝ ተነሥታ ቆመች።

«ሊ ላን ላ?» አለች። ይህ ምንድነው ማለቷ ነው።

ኢብራ ማስረዳት ጀመረ። እኔ ዝናቡ ውስጥ ቆሜያለሁ፤ ድንጋዩ ትከሻዬን እየበላኝ ነው። «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ በላት» አልኩት። «ወረቀቱን ያስጻፍኩት እኔ ነኝ። ልጄም፣ ልጇም የሉበትም። አፍረን አይደለም በላት። ሦስት ዓመት ዝም ማለቴንም ንገራት።» ነገራት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ያይ ፋቱ ከራሴ እስከ እግሬ አየችኝና አንድ ነገር ጠየቀች።

«ሰንትሽ ማነው? ትላለች» አለኝ ኢብራ።

«የለኝም በላት።»

«ሰንት የሌለው ሰው አለ እንዴ?» አለች ያይ ፋቱ። ከቤት ውስጥ አንገታቸውን ያወጡ ሴቶች በአንድነት «እህ!» አሉ።

«እኛ የምንጠራው በየአባታችን ነው» አልኩ። «ዘነበች። አባቴ ደስታ። የደስታ አባት ይመር…»

ያይ ፋቱ ጎንበስ ብላ ለእያንዳንዱ አባት አንዳንድ የለውዝ ፍሬ በረንዳው ጠርዝ ላይ ታኖራለች።

«የይመር አባት ወልዴ። የወልዴ አባት ሁሴን…»

እጇ አየር ላይ ቀረ። «ሁሴን?»

«ሁሴን። የሁሴን አባት እንድሪስ፣ የእንድሪስ አሊ፣ የአሊ ጎሹ። እኔ የወሎ ልጅ ነኝ። በአንድ ሐረግ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድም መስጊድ የሚሄድም አለን። በሁሴን አፍሬ አላውቅም፤ በንጃይ የማፍረው ምን ሆኜ ነው?»

ኢብራ እስኪጨርስ ጠበቀች። ሰባቱን ለውዝ በጣቷ ቆጠረች።

«ሁሉንም በአፍሽ ይዘሻቸው ነው የምትዞሪው?»

«ልጅ ሆነን ያስጠኑናል።»

«ታዲያ ለልጃችን የሰጠሻት የመጨረሻዋን ዶቃ ብቻ ነው» አለችኝ። «ክሩን ከለከልሻት።»

እውነቷን ነው። አንገቴን ደፋሁ። እሷ ደግሞ ወደ ኢብራ ዞራ «ድንጋዩስ? እስከ መቼ ነው የምትሸከመው?» አለችው።

«አንቺ እስክታወርጂላት ነው» አላት።

«ታዲያ እስካሁን ምን ይጎልትሃል፣ አትነግረኝም?!» ብላ ጮኸችበትና ዝናቡ ውስጥ በባዶ እግሯ ወረደች። ድንጋዩን በሁለት እጇ ከትከሻዬ አነሣችው። ክብደቱ አንገዳገዳት። «ኧረ ይቺ ሴትዮ አብዳለች!» አለች፤ ሳቀች፤ ከዚያ እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ሁለታችንም እዚያው ጭቃው ላይ ተያይዘን አለቀስን። ኮላውን ኢብራ ሸሚዙ ውስጥ ረስቶት ነበር።

ወዲያው ኢብራ ለሞዱ ስልክ ደወለ። እኛ ጋ ከሰዓት ነው፣ ሚድ ሲቲ ማለዳ። ሰላም ቁርሷን እየበላች ስልኩ ላይ ወጣች፤ አገጯ ወተት በወተት ነው። ያይ ፋቱ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋች።

«ንጃይ» አለች። «ንጃይ። ሰላም ንጃይ።»

ከስልኩ ወዲያ የሞዱ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ አየሁት።

እሑድ፣ መንደሩ

ያይ ፋቱ ሰንት ለሌለው ሰው ሰላምታ መስጠት አልችልም አለችና ፈረደች፦ «ሰንትሽ ደስታ ነው። አለቀ።» ከዚያ ወዲህ በቆሎ ስጠብስም፣ ውኃ ልቀዳ ስወርድም፣ ማሳ ውስጥ ያለው ሁሉ ቀና ብሎ «ደስታ! ደስታ!» ይለኛል። እኔም «ንጃይ! ንጃይ!» እላለሁ። አባቴ ሞፈር እንደተሸከመ የኖረ፣ ባሕር አይቶ የማያውቅ ሰው ነው። ከሞተ ወዲህ ስሙን ጮክ ብሎ የጠራው ሰው አላውቅም። እዚህ በዝናብ ውስጥ ሙሉ መንደር ይጠራዋል።

ድንጋዩን ያይ ፋቱ የእንስራዋ መክደኛ ላይ ጫነችው፤ ነፋሱ ክዳኑን እየወሰደ ሲያስቸግራት ኖሯል። ከሰዓት ከሰዓት ስልክ ትደውልና እኔን በእጇ ሂጂ ሂጂ ትለኛለች። ከሰላም ጋር ሁለቱ ብቻ በሹክሹክታ ያወራሉ፤ በምን ቋንቋ እንደሆነ አንድዬ ይወቅ።

ማክሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሚድ ሲቲ

ሞዱ ኤርፖርት ተቀበለኝ፤ መንገዱን ሙሉ እጄን አልለቀቀም። ትርሲት ደረጃው ላይ ሆና «እማዬ፣ ጠቆርሽ፣ ከሳሽ፣ ደግሞ ኮላ ነው የምትሸቺው» ትላለች። በሩ ተከፈተ። ሰላም ማንኪያ ይዛ፣ እግሯን ከፈት አድርጋ ቆማለች።

«ንጃይ! ንጃይ!» አልኳት።

ማንኪያውን አስቀመጠች። ሁለት እጇን ዘረጋችልኝ፣ እዚያ ማሳ ውስጥ ያሉት ሴቶች እንደሚያደርጉት።

«ደስታ! ደስታ!»

ሻንጣዬ ላይ ቁጭ አልኩ። ፒኮ ላይ አውቶቡሱ ያልፋል። ስለ አባቴ ሆኜ «አቤት» አልኩ።