ዘግቶ መውጣት

የላምባ ሽታ ባጋጠመኝ ቁጥር ደቡብ አፍሪካ፣ አሌክሳንድራ በሚባለው የድሆች ሰፈር የነበረችው የቆርቆሮ ሱቃችን ትመጣብኛለች። በብርዱ ወራት ደንበኞች ለማሞቂያቸው ላምባ ሊገዙ ገና ሳይነጋ መስኮቱን ያንኳኩ ነበር፤ እናቴም የደነዘዙ ጣቶቿን እያሻሸች ስትቀዳላቸው፣ እኔ ከመደርደሪያው ጀርባ ፍራሼ ላይ ተኝቼ እሰማ ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሚስተር ኮሊን ይመጡ ነበር። ጡረታ የወጡ የእንግሊዝ ዲፕሎማት ናቸው፤ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ሠርተው የለመዱት አማርኛ እንዳይጠፋባቸው ከሀብታሞቹ ሰፈር ከሳንድተን ድረስ እየነዱ መጥተው፣ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጠው፣ ከእኛ ጋር ሻይ እየጠጡ ያወሩ ነበር። አባቴ «አምባሳደር» ሲላቸው፣ «አምባሳደር ሆኜ አላውቅም፣ አቶ ሙክታር፤ ሁልጊዜ ምክትል ነበርኩ» እያሉ ያርሙት ነበር።

«እንግዲያው እኛ ሾመንዎታል!» ይል ነበር አባቴ።

የሚኮሩበት ሥራ ግን ነበራቸው፤ ጦርነት በቀረበባቸው ሦስት ከተሞች ሰነድ አቃጥለው፣ ባንዲራ አውርደው፣ ኤምባሲ ዘግተው ወጥተዋል።

ብርዱ አልፎ የጃካራንዳው ዛፍ ሲያብብ፣ በሰፈሩ እንደ እኛ ያሉ የውጭ አገር ሰዎችን ሱቅ መዝረፍ ተጀመረ። ሚስተር ኮሊን ያለ ቀናቸው መጡ፤ አልተቀመጡም።

«መውጫው መቼ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት እሱን ነው። ዛሬውኑ ዘግታችሁ ውጡ፤ መኪናዬ ደጅ ቆማለች።»

አባቴ ቁልፉን አንስቶ እናቴን አያት።

«ለመሆኑ» አለቻቸው እናቴ፣ «እርስዎ ዘግተው ሲወጡ የኤምባሲው ዘበኛ የት ሄደ? ወጥ ቤቷስ?»

«እዚያው ቀሩ» አሉ።

«እኛም እንደነሱ ነን። እርስዎን ይምጡ ብሎ የሚጠራ መሥሪያ ቤት ነበረዎት፤ እኛን ማን ይጠራናል? ያለችን ይህች ሱቅ ናት። አልወጣም!»

ቁልፉን ከአባቴ እጅ ነጥቃ፣ መስኮቱ ላይ ለቆመው ደንበኛ ዳቦ አቀበለችው።

በዚያው ሳምንት ዘራፊዎች ሱቁን ሰበሩት። እኛ በጓሮ በኩል አከራያችን ክፍል ገብተን ተረፍን፤ ፍሪጁ፣ መደርደሪያው፣ ፍራሼም ሳይቀር ተወሰደ። እዚያ አገር በበጋ የሚጥለው ዝናብ ሲጀምር እናቴ እዚያው ቦታ ላይ ላስቲክ ወጥራ፣ ጠረጴዛ ዘርግታ ዳቦ መሸጥ ጀመረች። አንድ ቅዳሜ ሚስተር ኮሊን መጥተው ዝናቡ ውስጥ ወረፋ ያዙ። «ነግሬያችሁ ነበር» ይላሉ ብዬ ጠበቅኩ፤ አላሉም። ዳቧቸውን ገዝተው፣ እናቴን እጅ ነስተው ሄዱ።

ዛሬ ጋዜጠኛ ነኝ፤ ኤምባሲዎች ዜጎቻቸውን ውጡ ሲሉ የምዘግበው እኔ ነኝ። ያኔ ቆርቆሮ የነበረው ሱቅ አሁን ጡብ ነው። ያኔ ዘራፊዎቹ በድንጋይ ይነግሩን የነበረውን አሁን በቀለም ይጽፉታል። ባለፈው ብርድ ግድግዳው ላይ «ውጡ» ብለው ጽፈው አደሩ፤ እናቴ ጠዋት ነጭ ቀለም ደርባበት፣ ሲደርቅ የዳቦ ዋጋ ጻፈችበት።