የራዲያተሩ እራፊ

እሷ እምቢ ካለች አለቀ፤ ወይ ፍንክች። ዕድሜዋን ሙሉ ልብስ ስትሰፋ የኖረች ሴት ናት፤ የተጣመመ ስፌት ካየች ተርትራ ካልደገመችው እህል አይወርድላትም። ባሏ ደግሞ ሾፌር ነበር። ነበር ማለቴ ሞቶ አይደለም። ታሞ ግራ ጎኑ ከሰነፈበት ወዲህ በረንዳው ላይ ተቀምጦ የቆመች አሮጌ መኪናውን ሲያይ ይውላል እንጂ ከግቢ ወጥቶ አያውቅም።

ሐኪሙ እጁ ደርቆ እንዳይቀር በየሳምንቱ ሐኪም ቤት እየመጣ እንቅስቃሴ ይሥራ ብሎ ነበር። እሱ ግን በሰው መኪና እንደ ጆንያ ተጭኜ አልሄድም፣ በራሴ ከሆነ እሺ አለ። የራሱ መኪና ደግሞ ራዲያተሯ ያፈሳል፤ ሰፈሩን ሳትጨርስ ሞተሯ ይፈላል። ታናሽ ወንድሙ ጋራዥ ወስዶ ቢያሳያት፣ እንዲህ ያለ ራዲያተር ድሮ ቀርቷል፣ ገበያ ላይም የለም አሉት። ምን አለፋችሁ፣ ለብረቷ የሚገዛት ሰው ፈልጎ አገኘ፤ ቅዳሜ ይዞት ሊመጣ ተስማማ።

«እትዬ፣ ያለቀላት መኪና ናት፤ ምን ታደርግላችኋለች?» አላት።

«ቅዳሜ ና» አለችው። «እስከዚያ ግን አላለቀላትም።»

አርብ ጠዋት ሱቋን ዘግታ፣ ሽርጧን ታጥቃ ኮፈኑን ከፈተች። ቀደም ብላ ከመኪናዋ ሥር ካርቶን አንጥፋ ነበር፤ ጠብታው የሚወርደው ከራዲያተሩ ታችኛ ጥግ ነው። ባሏም የሚያፈሰው እዚያው ጋ ነው ብሎ ድርቅ አለ። ለእሷ ግን ነገሩ አልዋጥላት አለ። ክር የሚንጠለጠለው ጫፍ ላይ ነው፤ የተበጠሰው ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል። ውሃስ ቢሆን ከላይ ተንሸራቶ መጥቶ ታች አይንጠባጠብም ያለው ማነው?

ሞተሩ ቀዝቃዛ ስለነበር ውሃውን አፈሰሰች፣ የጎማ ቱቦዎቹን ነቀለች፣ ብሎኖቹን ፈትታ በቆርቆሮ ክዳን ላይ ሰበሰበችና ራዲያተሩን አቅፋ አወጣችው። በረንዳው ደረጃ ላይ አቁማ በፀሐይ አደረቀችው። አፎቹን በጎማ ቁራጭ ጥርቅም አድርጋ ደፍና በክዳኑ በኩል ውሃ ሞላችው። ከዚያ ያደረገችውን ጉድ ልንገራችሁ፤ ጨርቅ የምታሰምርበትን ነጭ ጠመኔ ፈጭታ ራዲያተሩ ላይ ነሰነሰችው።

ባሏ ልትጠብሺው ነው ወይ ብሎ አሾፈባት። ካመመው ወዲህ ሲቀልድ ስትሰማው ይሄ የመጀመሪያው ነው፤ ደስ አላት፣ ግን ቀና አላለችም። የብስክሌት ጎማ መንፊያ አምጥታ ከክዳኑ ሥር ባለው ቀጭን ቱቦ በኩል ቀስ እያለች አየር ሰጠችው።

ታችኛው ጥግ ላይ ያለው ጠመኔ ንቅንቅ ሳይል እንደነጣ ቀረ። ከላይ ግን አንዲት ቀጭን እርጥብ መስመር ብቅ ብላ ቁልቁል መውረድ ጀመረች። በጣቷ ተከትላት ሽቅብ ሄደች። መስመሯ የምትነሳው ከእራፊው ጠርዝ ነው።

እራፊው የባሏ የእጅ ሥራ ነው። ድሮ መንገድ ላይ ድንጋይ መትቶ ሲበሳው፣ ራሱ የነሐስ ቁራጭ ቆርጦ፣ ስታኞ በሚባለው ለስላሳ የብየዳ ሽቦ የለጠፈው ነው። ቤት ለመጣ እንግዳ ሁሉ ኮፈን እየከፈተ ያሳየው ነበር። ይሄ ብየዳ ከእኔ በፊት አይሞትም እያለ።

ሳታስበው መዳፏን ጭና ሸፈነችው። ታችኛውን ጥግ ለይስሙላ ነካክቼ ይሄን በኋላ ሳያየኝ ልሥራው ይሆን አለች በሆዷ። ቢሆንም ብልሽት ደብቃ ልብስ ለደንበኛ ሰጥታ አታውቅም፤ ለባሏ እንዴት ትስጥ?

«እጅሽን አንሺ» አላት። «አይቼዋለሁ።»

አነሳች። «ልንቀለው ወይስ ልተወው?»

ፊቱ ጠቆረ። «ንቀይው» አላት። «ያኔም ጠርዙን በደንብ አላጸዳሁትም። ቸኩዬ ነበር።»

ውሃውን ደፍታ እራፊውን በሙቀት አላቀቀች፤ ጠርዙን እስኪያብረቀርቅ ሞረደች። ካውያ መያዝ የሚያቅታት ሴት አይደለችም፤ የስታኞው ካውያ ከልብሱ የሚለየው በማነሱ ብቻ ነው። ችግሩ በአንድ እጇ ካውያውን፣ በሌላው ሽቦውን ይዛ እራፊውን ማን ይጫንላት? ራዲያተሩም ይንሸራተታል። ሁለቴ ሞክራ ሁለቴ ተበላሸባት። ጥርሷን ነክሳ ሦስተኛውን ልትጀምር ስትል ከኋላዋ የወንበር ድምፅ ሰማች። ባሏ ግድግዳ እየተደገፈ መጥቶ ደረጃው ላይ ዘፍ አለ። የሰነፈ ግራ እጁን በቀኙ አንስቶ በእርጥብ ጨርቅ ላይ አጋድሞ ራዲያተሩን አስያዘው፤ በቀኙ እራፊውን በጠፍጣፋ መፍቻ ተጫነ። ግራ እጁም አልለቀቀም። ስታኞው ቀልጦ ዙሪያውን ሞላ፣ ቀዘቀዘ። እንደገና ጠመኔ ነሰነሰች፣ እንደገና ነፋች። ጠብ ያለ የለም። ማምሻውን መልሳ ገጠመችው።

ቅዳሜ ጠዋት ወንድሙ ገዢውን በር ላይ አቁሞ ሲገባ ሞተሩ ሲሠራ አገኘው። የሙቀቱ ቀስት መሐል ላይ ቆሟል፤ ካርቶኑም ደረቅ ነው። ተመልሶ ገዢውን አሰናበተው። ባሏ ከዘራውን ይዞ፣ ከልማዱ የተነሳ በሾፌሩ በር በኩል ሄደ። እጀታውን ሊይዝ እጁን ዘረጋና ቆመ። ከዚያ በፊት በኩል ዞሮ ሌላኛውን በር ከፍቶ ገባ።

«ምን ትጠብቂያለሽ? ንጂ እንጂ» አላት።

መንዳት ያስተማራት እሱ ነው፤ ያኔ በየመታጠፊያው ይጮኽባት ነበር። ካመመው ወዲህ ግን ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሰምታው አታውቅም። ወደ ሐኪም ቤቱ የሚያወጣው ዳገት ጋ ሲደርሱ ሞተሩ አቃሰተ፤ እሷ ቀስቱን ስታይ ዘገየች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ማርሽ ቀንሺ! ስንቴ ልንገርሽ?» ብሎ አምባረቀባት።

ማርሹን ቀነሰች። እንባዋ መጣ፤ መጥረጊያ እጅ ስላልነበራት እንዲሁ ለቀቀችውና ዳገቱን ወጣች።