የቆረጥኳት የመሰኪያ እግር

ባለፈው ሳምንት የሐበሻ ሱቆች ያሉበት ፌርፋክስ ጎዳና ላይ በርበሬ ልገዛ የገባሁበት ሱቅ ውስጥ፣ ጣሪያው ሥር የተሰቀለ ስፒከር እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርም ነበር። ባለሱቁ የድሮ ሙያዬን ስለሚያውቅ፣ «ጋሼ ታደሰ፣ በዚያች እጅህ ዝም አታሰኝልንም?» አለኝ። እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። ወረፋ የያዙት ሳቁ፤ የሰነፍኩ መስሏቸው ነው።

ነገሩ የሆነው የዛሬ አሥር ዓመት ገደማ፣ በዕድሜዬ ስልሳን ያለፍኩ፣ በአሜሪካ ግን የሦስት ዓመት ሕፃን ሳለሁ ነው። ዝናብ የጠፋባቸው ዓመታት ነበሩ፤ በየደጁ ያለው ሣር ደርቆ ገለባ መስሏል። ቀን ቀን አንድ ምግብ ቤት በር ላይ የሰው መኪና ፓርክ አደርጋለሁ። ማደሪያዬ ከኦሊምፒክ ጎዳና ወዲያ፣ እትዬ ዘነበች ጓሮ ያለች አንዲት ክፍል ነበረች። ከክፍሌ ጎን ያለውን ጋራዥ የእትዬ የእህት ልጅ ምሕረት መዝሙር መቅረጫ አድርጋዋለች። ምሕረት ሎንግ ቢች ሆስፒታል ውስጥ ሕመምተኛ ስታገላብጥ ትሰነብትና በእረፍቷ ቀን መጥታ ትዘምራለች። ግድግዳውን በብርድ ልብስ ሸፍናው፣ ውስጡ አንድ ኮምፒዩተር፣ አንድ ማይክሮፎንና አንድ ያገለገለ የድምፅ ማደባለቂያ ሚክሰር ነበራት።

አንድ ቀን በሬን አንኳኳችና፣ «ጋሼ፣ አንድ ድምፅ አስቸገረኝ። እኔ ዝም ስል እሱ ይዘምራል» አለችኝ።

የጆሮ ማዳመጫውን አድርጌ ሰማሁት። ወፍራም፣ የማያቋርጥ ጉርምርምታ ነው። ገመዱን ቀየርኩ፤ ያው ነው። ማይክሮፎን ከጓደኛዋ አስመጣን፤ ያው ነው። በመሀል ቲክ ቲክ የሚል ሌላ ድምፅ ነበር፤ እሱ የስልኳ ሆኖ ተገኘ። «ስትቀርጪ ስልክሽን አጥፊ» አልኳት፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ታጠፋ ነበር። ቀጥዬ የእትዬን ፍሪጅ ነቀልኩ። እትዬ ከወጥ ቤት ሆና ሥጋዋ ከተበላሸ እኔን እንደምትቀቅለኝ ነገረችኝ። ድምፁ ግን አልሄደም። በመጨረሻ ሚክሰሩና ኮምፒዩተሩ ሲገናኙ ብቻ እንደሚመጣ ደረስኩበት። ይኼኔ ፒንሳዬን አነሣሁ።

በወጣትነቴ ናዝሬት ሬዲዮ ጥገና ቤት ተቀጥሬ ነበር። የሚያጉረመርም ዕቃ ሲመጣ አለቃዬ የመሰኪያውን መሀለኛ እግር ቀንጠብ ያደርጋል፤ ዕቃው ዝም ይላል፤ ባለቤቱ ደስ ብሎት ይሄዳል። ያቺ እግር ለምን እንደተሠራች አልጠየቅሁም። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ የቆመ ሰው ነኝ፤ የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት በዓይኔ አይቼ ነው። የምሕረትም ሚክሰር መሰኪያው ላይ ሦስተኛ እግር ነበረችው። ቆረጥኳት። ጋራዡ ጸጥ አለ።

«ጋሼ፣ አንተ እኮ ኢንጂነር ነህ!» አለች። ሳምንቱን ሙሉ ደረቴን ነፍቼ ሰነበትኩ።

ወር ያህል አለፈ። አንድ ረቡዕ፣ ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ እንደ ጥቀርሻ ጠቁሮ፣ ያ ስንናፍቀው የከረምነው ዝናብ መጣ። እትዬ ዘነበች የምሠራበት ምግብ ቤት ምሳ ልትበላ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። እኔ ጾሜን ሽሮ ይዣለሁ፤ እሷ ጴንጤ ናትና ጥብሷን ታላምጣለች።

«አንተ ሽሮህን ላስ» አለችኝ፤ «የኛ ልጅ እሳት ወርዶላታል።»

ምሕረት እሁድ በጉባኤ ፊት ቆማ መስክራለች ለካ። ስትዘምር ከንፈሯ ማይክሮፎኑን ሲነካ ይነዝራታል፤ የመንፈስ ቅዱስ እሳት ነው ብላ ተናግራለች፤ ሰው ሁሉ አልቅሷል። ቦታው ቅዱስ ነው ብላም ጫማዋን አውልቃ ነው የምትዘምረው።

ጉርሻው አፌ ውስጥ ቀረ። ናዝሬት ሳለሁ እርጥብ ወለል ላይ ቆሞ ብረት እንደጨበጠ ኤሌክትሪክ ይዞት የቀረ የሥራ ጓደኛ ነበረኝ። የጋራዡ ወለል ሲሚንቶ ነው፤ ጣሪያው ደግሞ ያፈሳል። ምሕረት የት እንዳለች ጠየቅኋት።

«ጋራዥ ናታ፤ ዛሬ እረፍቷ አይደል?»

ደወልኩ፤ ስልኳ ዝግ ነው። እንድታጠፋው ያልኳት ራሴ ነኝ። የሰው መኪና ቁልፎችን ለባልደረባዬ ወርውሬ ወጣሁ። ስንት ወር አቧራና ዘይት የጠጣ አስፋልት በዝናብ ሳሙና ሆኗል። ሁለት ጊዜ ወደቅሁ። ጉልበቴ እሺ ሲለኝ እየሮጥኩ፣ እንቢ ሲለኝ እየተራመድኩ ደረስኩ።

ድምፅዋ ይሰማል። ውኃ በጋራዡ በር ሥር እየሰረገ ይገባል። ብጠራት ማይክሮፎኑን እንደያዘች ዞራ ውኃው ውስጥ ትገባለች ብዬ ፈራሁ። የቤቱ ቆጣሪ በውጭ ግድግዳው ላይ ነው፤ ሄጄ ዋናውን ማጥፊያ አወረድኩት። መዝሙሩ ተቋረጠ። መብራቱ ከመጥፋቱ በፊት ይቋረጥ በኋላ አላወቅሁም። ከጋራዡ ምንም አይሰማም፤ ዝናቡ ብቻ ነው። ወደ በሩ ዞርኩ።

በሩ ተከፈተ። ባዶ እግሯን ቆማለች፤ ውኃው ተረከዟ ጋ ደርሷል።

«ጋሼ፣ መብራት ሄደ እንዴ?»

ጫማ አስደረግኋትና ከበሩ ውጭ አቆምኳት። መብራቱን መልሼ ኤሌክትሪክ መኖሩን የምታሳየውን ቴስተሬን የማይክሮፎኑ ብረት ላይ ሳሳርፍ ትንሿ አምፖል ቀላች። ኋላ ነቅዬ ስከፍተው፣ ሚክሰሩ ውስጥ አንዱ ሽቦ ተልጦ ከብረቱ ጋር ተነካክቷል። እንዲህ የሚያመልጠውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ጠርጋ የምትወስደው ያቺ የቆረጥኳት እግር ነበረች።

«ከንፈርሽን ያቃጠለሽ እኔ ነኝ፣ ልጄ» አልኳት። ሁሉንም ነገርኳት።

ቀዩን መብራት ብዙ አየችው። «ታዲያ… እኔ መስክሬአለሁ እኮ፣ ጋሼ» አለች። ቀጥላ፣ «እሁድ አብረኸኝ ና። አንተ ብትነግራቸው ያምናሉ። እኔ ብቻዬን ከተናገርኩ በእምነቷ ቀዘቀዘች ይሉኛል» አለችኝ።

እሁድ መኪና ይበዛል አልኳት።

«ኦኬ፣ ጋሼ» ብላ ገባች።

ብቻዋን ሄደች። ኤሌክትሪክ ነበር፣ ተሳስቼ ነው ብላ ተናገረች፤ ስሜን አላነሣችም። እንዳለችውም ሆነ፤ ከዘማሪዎቹ ጋር መቆሟ ቀረ። ብርድ ልብሶቿን ጠቅልላ ሎንግ ቢች ገባች፤ ወደ ጋራዡም አልተመለሰችም። እትዬ ዘነበች ጥፋቱ የአሮጌው ሚክሰር ይመስላታል። ልጅቷን ያተረፋት ታደሰ ነው እያለች እስከ ዛሬ ላገኘችው ሁሉ ታወራለች፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ እሰማለሁ።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፤ እሁድ የማቆመው መኪና የለም። ሙያ ሳላውቅ ለሠራሁት እግዚአብሔር ይቅር ይለኛል ብዬ አስባለሁ። አውቄ ዝም ላልኩት ግን ምን እንደምለው አላውቅም። ይህን ጽፌ ስጨርስ አስቀድሜ ይዤው የምሄደው እትዬ ዘነበች ዘንድ ነው። ዓይኗ ስለደከመ ራሷ አታነበውም፤ በአፌ ልነግራት ነው።